ፉለሪን፦ በወርቅ ገጽ ላይ የሚደረደረው የካርቦን ሞለኪውልና ለፀሐይ ኃይል ያለው ፋይዳ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ስም በተነሣ ቁጥር ወርቅ አብሮ ይነሣል። የግብፁ ገዢ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ወደ ሱዳን ባዘመቱት ጦር ሊያሳኳቸው ካሰቧቸው ዓላማዎች አንዱ የፋዞግሊንና የቤኒሻንጉልን ወርቅ በእጃቸው ማስገባት እንደነበር ታሪክ ያስረዳል። ዛሬም በአሶሳ ዞን በርካታ ነዋሪዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ከወንዝ ዳርና ከጉድጓድ የወጣ አፈር በገበቴ እያጠቡ በሚያገኙት ወርቅ ኑሯቸውን ይደጉማሉ። በኩርሙክ ወረዳም በኢንዱስትሪ ደረጃ ወርቅ የሚያመርት ፕሮጀክት ሥራ ተጀምሯል።

ወርቅ በግራም ተመዝኖ ከሚሸጥበት ገበያ ውጪ በሳይንስ ዓለም ሌላ አገልግሎት አለው። በምርምር ላቦራቶሪዎች ውስጥ ንጹሕና ልሙጥ የሆነ የወርቅ ገጽ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሞለኪውሎች ተስተካክለው የሚደረደሩበት መሠረት ሆኖ ያገለግላል። በዚህ ገጽ ላይ በስፋት ከተጠኑት ሞለኪውሎች መካከል አንዱ ፉለሪን የሚባለው የካርቦን ዓይነት ነው። ፉለሪን በስስ ሽፋን መልክ ሲዘጋጅ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያስችል ባሕርይ ያለው ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ከ20 ዓመታት በፊት ጀምሮ የበኩላቸውን አስተዋፅዖ አበርክተዋል።

ጉዳዩ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ የምርምር በጀት ለሚያጸድቅ ኃላፊ እና የማዕድን ሀብትን ለሚያስተዳድር ባለሙያ የትኛው ቴክኖሎጂ ለአገልግሎት እንደደረሰና የትኛው ገና በምርምር ላይ እንዳለ ለይቶ ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

የፉለሪን ምንነትና ግኝት

ካርቦን በተፈጥሮ በስፋት ከሚገኙ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። በእርሳስ ውስጥ የሚገኘው ግራፋይትም ሆነ ውድ የሆነው አልማዝ ከዚሁ ንጥረ ነገር የተሠሩ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው የካርቦን አተሞች እርስ በርስ በተያያዙበት አኳኋን ላይ የተመሠረተ ነው። በግራፋይት ውስጥ አተሞቹ እንደ ወረቀት በተነባበሩ ጠፍጣፋ ንጣፎች ይደረደራሉ። በአልማዝ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አተም ከሌሎች አራት አተሞች ጋር በመቆላለፍ ጠንካራ አካል ይፈጥራል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1985 ሂውስተን በሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ክሮቶ ከአሜሪካውያኑ ሪቻርድ ስሞሊና ሮበርት ከርል እንዲሁም ከተማሪዎቻቸው ጋር በመሆን ግራፋይትን በሌዘር ጨረር እያተነኑ ምርምር አካሄዱ። በውጤቱም 60 የካርቦን አተሞች ያሉት፣ ውስጡ ባዶ የሆነና እንደ ኳስ የተዘጋ ሞለኪውል አገኙ። የሞለኪውሉ ቅርጽ 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ገጾች ያሉት ሲሆን፣ ይህም ከጥቁርና ነጭ ቆዳ ከሚሰፋው የእግር ኳስ ጋር ተመሳሳይ ነው። በግማሽ ሉል ቅርጽ የተሠሩ ቤቶችን በመንደፍ የሚታወቁትን አሜሪካዊ አርክቴክት በክሚንስተር ፉለርን ለማስታወስም ፉለሪን የሚል ስያሜ ተሰጠው። የዚህ ዓይነት ሞለኪውል ሊኖር እንደሚችል ጃፓናዊው ኤይጂ ኦሳዋ እ.ኤ.አ. በ1970 አስቀድመው ገልጸው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገኘው ፉለሪን በዓይን ለማየት እንኳ የማይበቃ ስለነበር ምርምሩ ሊስፋፋ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ክሬችመርና አሜሪካዊው ዶናልድ ሃፍማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ችግሩን ፈቱት። ተመራማሪዎቹ አየሩ በወጣለትና በምትኩ ሂሊየም ጋዝ በገባበት ዕቃ ውስጥ የግራፋይት ዘንጎችን በኤሌክትሪክ ኃይል በማቃጠል ጥላሸት ሰበሰቡ። ከጥላሸቱም ውስጥ ፉለሪኑን በፈሳሽ አሟሙተው በግራም የሚመዘን መጠን ለማግኘት ቻሉ። ፉለሪን ቶሉይን በተባለው ፈሳሽ ሲሟሟ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ክሮቶ፣ ስሞሊና ከርል በግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ1996 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ጥላሸት ሲባል በገጠር ቤቶች ኩራዝ ጣሪያና ግድግዳ ላይ የሚተወው ጥቁር ብናኝ ሊታወስ ይችላል። ሁለቱም ካርቦን ይሁኑ እንጂ ፉለሪን በብዛት የሚገኘው ሙቀቱና የጋዝ ግፊቱ በጥንቃቄ በተመጠነ ዕቃ ውስጥ ነው። የኩራዝ ጥላሸት ግን ለጤና ጎጂ ከመሆን በስተቀር ለዚህ አገልግሎት የሚውል አይደለም።

ስስ ሽፋን እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ የፉለሪን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር ሲደረደር የሚይዘው ስፋት 1 ናኖሜትር ያህል ነው። 1 ናኖሜትር የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በመሆኑም ከአንድ ሞለኪውል ያልበለጠ ውፍረት ባለው ድርድር 1 ካሬ ሜትር ገጽ ለመሸፈን የሚያስፈልገው ፉለሪን ወደ 1 ነጥብ 4 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር 1 ግራም ፉለሪን ከ700 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ገጽ በአንድ ረድፍ ሊሸፍን ይችላል። ይህ ስሌት በስስ ሽፋን ቴክኖሎጂ ወሳኙ ነገር የጥሬ ዕቃው ብዛት ሳይሆን የአሠራሩ ጥራት መሆኑን ያመለክታል።

ሽፋኑን ለማዘጋጀት ሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ማትነን ነው። በዚህ ዘዴ የፉለሪን ዱቄት አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ በብዙ መቶ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ይተንና በላዩ ትይዩ በተቀመጠው ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ያርፋል። የሙቀቱን መጠንና ጊዜውን በመቆጣጠርም የሽፋኑን ውፍረት ከአንድ ረድፍ ሞለኪውል ጀምሮ መመጠን ይቻላል። ዘዴው ንጹሕ ሽፋን የሚሰጥ ቢሆንም አየር የሚያወጡ ፓምፖችንና ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ አቅርቦትን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዘዴ ፉለሪኑን በፈሳሽ ማሟሟት ነው። ጠብታው በመስታወት ላይ ከተደረገ በኋላ መስታወቱ በደቂቃ በሺህ በሚቆጠር ዙር ስለሚሽከረከር ፈሳሹ ወደ ዳር ተስቦ ይሳሳል፤ ሲደርቅም ወጥ የሆነ ስስ ሽፋን ይቀራል። ይህኛው ዘዴ የሚጠይቀው መሣሪያ ቀለል ያለ ከመሆኑም በላይ በሰፊ ገጽ ላይ እንደ ጋዜጣ ለማተም በር ይከፍታል።

በሁለቱም ዘዴዎች የተቀባዩ ገጽ ንጽሕና ወሳኝ ነው። ጉዳዩን እንጀራ ከሚጋገርበት ምጣድ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሊጡ የቱንም ያህል ቢቦካ ምጣዱ በሚገባ ካልታሰሰና እኩል ካልጋለ እንጀራው አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይጣበቃል። በፉለሪን ሽፋንም እንዲሁ ነው። በገጹ ላይ የቀረ አቧራ፣ የጣት ቅባት ወይም እርጥበት ሞለኪውሎቹ እንዲከማቹ ወይም ክፍት ቦታ እንዲተዉ ያደርጋል። ከሽፋኑ የሚጠበቀው የኤሌክትሪክ ባሕርይም በዚያው መጠን ይዛባል።

ወርቅ ለምን ተመረጠ?

ወርቅ አየርና ውኃ በቀላሉ የማይለውጡት ማዕድን በመሆኑ ገጹ ሳይዝግ ይቆያል። በተለይም አተሞቹ በባለ ስድስት ጎን ድርድር ተጠጋግተው የሚታዩበት የወርቅ ገጽ ለፉለሪን እጅግ ምቹ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ገጽ ላይ ከአንዱ የወርቅ አተም መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ያለው ርቀት 0 ነጥብ 288 ናኖሜትር ሲሆን፣ በፉለሪን ሞለኪውሎች መካከል ያለው ደግሞ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። የፉለሪኑ ረድፍ ከወርቁ ረድፍ አንጻር 30 ዲግሪ ዞር ብሎ ሲቀመጥ ሁለቱ ልኮች ያለ ጉልህ ልዩነት ይገጣጠማሉ። በዚህም ምክንያት ሞለኪውሎቹ በሰው እጅ አንድ በአንድ ሳይቀመጡ በራሳቸው ቦታቸውን እየፈለጉ የንብ እንጀራን በሚመስል ሥርዓት ይደረደራሉ። ሳይንቲስቶች ይህንን ሂደት ራስን በራስ መደርደር ይሉታል።

ወርቁ ፉለሪኑን አጥብቆ እንደሚይዝም በጥናት ተረጋግጧል። በላይኛዎቹ ረድፎች ያሉ ሞለኪውሎች በግምት በ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ተንነው ሲሄዱ፣ ወርቁን በቀጥታ የነካው የመጀመሪያው ረድፍ ግን እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። ምክንያቱም ወርቁ ጥቂት የኤሌክትሮን ድርሻ ለፉለሪኑ ስለሚሰጥና ሁለቱ በዚሁ ስለሚተሳሰሩ ነው።

እነዚህን ድርድሮች በምስል ማየት የተቻለው ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር እ.ኤ.አ. በ1981 ዙሪክ በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. ላቦራቶሪ በሠሩት ልዩ ማይክሮስኮፕ ነው። መሣሪያው በብርሃን ፋንታ ጫፏ እስከ አንድ አተም የቀጠነች መርፌ በገጹ ላይ በማንቀሳቀስ በመካከላቸው የሚያልፈውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በዚያው ላቦራቶሪ የፉለሪን ሞለኪውሎችን በመዳብ ገጽ ደረጃዎች ላይ አንድ በአንድ በመግፋት የመቁጠሪያ ሰሌዳ የሚመስል ድርድር ለመሥራት ተችሏል።

ለዚህ አገልግሎት የሚውለው የወርቅ መጠን አነስተኛ ነው። 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የወርቅ ሽፋን 1 ካሬ ሜትር ላይ ለማንጠፍ የሚያስፈልገው 2 ግራም ያህል ወርቅ ነው። ሆኖም ወርቁ ተጣርቶ ከብርና ከሌሎች ማዕድናት የጸዳ መሆን ይኖርበታል። ከዚያም አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ተንኖ ማይካ በሚባለው በቀላሉ በሚሰነጠቅ ልሙጥ ማዕድን ላይ ያርፋል፤ በሙቀትም ይስተካከላል። ከወንዝ ታጥቦ የወጣ ወርቅና በላቦራቶሪ የሚውል የወርቅ ገጽ አተማቸው አንድ ቢሆንም በመካከላቸው የማጣራት፣ የመለካትና የማስተካከል ሰፊ የእውቀት ሥራ አለ።

ወርቅና ካርቦን በማዕድን ሥራም ላይ ይገናኛሉ። በበርካታ ዘመናዊ የወርቅ ማምረቻዎች ከተፈጨው ድንጋይ በኬሚካል ተሟሙቶ የወጣው ወርቅ የሚሰበሰበው ብዙ ቀዳዳ ባለው የተዘጋጀ ከሰል ገጽ ላይ እንዲጣበቅ በማድረግ ነው። ከሰሉ በኋላ ታጥቦ ወርቁ ይለያል። በላቦራቶሪ ካርቦኑ በወርቅ ላይ ሲያርፍ፣ በማምረቻው ደግሞ ወርቁ በካርቦን ላይ ያርፋል። በሁለቱም ዘንድ ውጤቱን የሚወስነው የሚነካካው ገጽ ነው።

ከብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ

ፉለሪን በኃይል ዘርፍ ትኩረት የሳበው ኤሌክትሮን በመቀበል ባሕርይው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ኒያዚ ሳሪቺፍቺ፣ አለን ሂገር፣ ፍሬድ ውድልና ባልደረቦቻቸው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑን እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ለጎረቤቱ ፉለሪን እንደሚያስረክብ አሳዩ። አለን ሂገር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመሮችን በተመለከተ ባከናወኑት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአለን ማክዲያርሚድና ከሂዴኪ ሺራካዋ ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የአሠራሩ ሂደት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ብርሃን በፖሊመሩ ሲዋጥ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል፤ ነገር ግን ከተወው ክፍት ቦታ ጋር እንደተሳሰረ ይቆያል። ይህ ጥንድ ሳይከስም ሊጓዝ የሚችለው 10 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ፉለሪን ካገኘ ኤሌክትሮኑ ወደ ፉለሪኑ ያልፋል፣ ክፍያዎቹም ተለያይተው በሁለት አቅጣጫ ወደ መሰብሰቢያ ንጣፎች ያመራሉ። ካላገኘ ግን የተዋጠው ብርሃን ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል።

ችግሩን ለመፍታት ፖሊመሩንና ፉለሪኑን በሁለት የተለያዩ ንጣፎች ከማስቀመጥ ይልቅ በአንድ ሽፋን ውስጥ አቀላቅሎ ማዘጋጀት እ.ኤ.አ. በ1995 ተግባራዊ ሆነ። ለዚህም በቀላሉ በፈሳሽ እንዲሟሟ ጅራት መሰል ተጨማሪ ክፍል የተቀጠለበትና ፒ.ሲ.ቢ.ኤም. በሚል አጠራር የሚታወቀው የፉለሪን ዓይነት ተዘጋጀ። የፒ.ሲ.ቢ.ኤም. ዝግጅት ከኔዘርላንዳዊው ኬሚስት ያን ሁመለን ስም ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል።

የዚህ ዓይነት የፀሐይ ሴል ብርሃን የሚውጠው ክፍል ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በገበያ ላይ ያለው የሲሊከን ፓኔል ግን 150 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ያለው የሲሊከን ንጣፍ ይጠቀማል። ይህም ከፉለሪኑ ሽፋን 1 ሺህ 500 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ስስ ሽፋኑ በፕላስቲክ ላይ ሊታተም፣ ሊታጠፍና በአነስተኛ ሙቀት ሊመረት መቻሉ የብዙ ተመራማሪዎችን ተስፋ አነቃቅቶ ነበር።

የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ድርሻ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች በኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመሮች ላይ የሚካሄደው ምርምር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በትብብር ሲከናወን ቆይቷል። መቀመጫውን በኡፕሳላ ያደረገው ኢንተርናሽናል ሳይንስ ፕሮግራም ለትብብሩ ድጋፍ ሲሰጥ፣ በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የኡሌ ኢንጋኔስ እንዲሁም በጎተንበርግ ከተማ በሚገኘው የቻልመርስ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማትስ አንደርሰን የምርምር ቡድኖች ዋነኛ ተባባሪዎች ነበሩ።

ከሥራዎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ስስ ሽፋኖች ብቻ በሚያወጣ ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት ይጠቀሳል። የጥናቱ ቀዳሚ አዘጋጅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተከተል ዮሐንስ ሲሆኑ፣ ያን ሁመለን፣ ማትስ አንደርሰንና ኡሌ ኢንጋኔስ ከተባባሪዎቹ መካከል ይገኙበታል። ጥናቱ ፖሊፍሎሪን ከሚባሉት ፖሊመሮች አንዱን ከፉለሪን ጋር በማቀላቀል የተሠሩ የፀሐይ ሴሎችን የሚመለከት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የስዊድንና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከዚሁ የፖሊመር ቤተሰብ በተሠራ ሴል ከ1 ቮልት በላይ የሆነ ቮልቴጅና 2 ነጥብ 2 በመቶ ብርሃንን የመለወጥ ብቃት ማግኘታቸውን ገልጸው ነበር።

አባይ ጋዲሳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያጠናቀቁት በፖሊመርና በፉለሪን ድብልቅ ሴሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ክፍያዎች እንዴት እንደሚጓዙ በመመርመር ነው። ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ደግሞ ከእነዚሁ የስዊድን ቡድኖች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ወደ ቀይ ያደላውን ክፍል ጭምር ለመዋጥ የሚችል አዲስ ፖሊመርና ከእርሱ የተሠራ የፀሐይ ሴል አቅርበዋል።

የሥራ ክፍፍሉ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። ፖሊመርን በኬሚካላዊ መንገድ መሥራት፣ የኤሌክትሮኖቹን የኃይል ደረጃ መለካትና በማሽከርከር ዘዴ ሽፋን ማዘጋጀት መጠነኛ መሣሪያ ባለው ላቦራቶሪ ሊከናወን የሚችል ነው። ከፍተኛ ዋጋ ያላቸውን መሣሪያዎች የሚጠይቀው ክፍል በትብብር ይሟላል። በዚህ መንገድ አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የዘርፉ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ተሳታፊ ለመሆን ችሏል።

ቴክኖሎጂው ዛሬ ያለበት ደረጃ

የፖሊመርና የፉለሪን ድብልቅ ሴሎች ብቃት ቀስ በቀስ እያደገ በ2010ሮቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ 11 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ሆኖም ፉለሪን ራሱ የሚውጠው የፀሐይ ብርሃን አነስተኛ መሆኑ ለተጨማሪ ዕድገት እንቅፋት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ብርሃንን በተሻለ ሁኔታ የሚውጡ ሌሎች ኤሌክትሮን ተቀባይ ሞለኪውሎች በቻይና ተመራማሪዎች ከተሠሩ በኋላ የላቦራቶሪ ብቃት ከ19 በመቶ በላይ ለመድረስ ችሏል። በዚህም የተነሣ ፉለሪን በኦርጋኒክ ሴሎች ውስጥ የነበረውን የመሪነት ቦታ ለቋል።

ይህ ማለት ግን የፉለሪን ሽፋን አገልግሎት አበቃ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ በሆኑት የፔሮቭስካይት የፀሐይ ሴሎች ውስጥ 20 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፉለሪን ሽፋን ኤሌክትሮኖችን ለመሰብሰብ በስፋት ይውላል። ፔሮቭስካይት በሲሊከን ላይ ተነባብሮ በሚሠራባቸውና በላቦራቶሪ ከ34 በመቶ በላይ ብቃት ባስመዘገቡት ሴሎች ዘርፍም ይኸው ሽፋን የተለመደ ነው።

ዋነኛው ፈተና ዘላቂነት ነው። የፉለሪን ሽፋን አየር ሲያገኘው ኦክስጅን በሞለኪውሎቹ መካከል ሰርጎ በመግባት የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ባሕርይውን ይቀንሳል። ኃይለኛ ብርሃን ደግሞ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ሊያጣብቃቸው ይችላል። በድብልቅ ሽፋኖች ላይ ሙቀት ሲበረታ ፉለሪኑ ከፖሊመሩ እየተለየ ለብቻው ይከማቻል። ስለዚህ በላቦራቶሪ ጥሩ ውጤት ያሳየ ሴል አየርና እርጥበት እንዳይገባው ሆኖ ካልታሸገ በመስክ ላይ ዕድሜው አጭር ይሆናል።

ለክልሉ ያለው ትርጉም

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ነው። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የተጀመረው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያም ሆኖ የኃይል ማመንጫ በአንድ አካባቢ መገኘቱ ብቻውን በተበታተኑ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች መብራት አያደርስም። የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መስመር መዘርጋት ጊዜና ወጪ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከኅብረተሰቡ 65 በመቶ ለሚሆነው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶ ለሚሆነው ደግሞ ከመስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ዒላማ ያስቀመጠው ይህንኑ በመገንዘብ ነበር። ለክትባት ማቀዝቀዣና ለማዋለጃ ክፍል መብራት ለሚፈልግ ጤና ጣቢያ የፀሐይ ኃይል የሚሰጠው አገልግሎት ቀጥተኛ ነው።

ከዚህ አንጻር ለግዢና ለዕቅድ ባለሙያዎች የመጀመሪያው ቁም ነገር የላቦራቶሪን ውጤት ከገበያ ምርት መለየት ነው። ከፍተኛ የብቃት መጠን የሚመዘገብባቸው አዳዲስ ሴሎች ብዙውን ጊዜ ስፋታቸው ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። በአሁኑ ወቅት ለጤና ተቋም ወይም ለትምህርት ቤት በአስተማማኝነት ሊገዛ የሚችለው ዓይነት በሲሊከን የተሠራው ፓኔል ነው። በስስ ሽፋን ወይም በኦርጋኒክ ቴክኖሎጂ የተሠራ ምርት የሚያቀርብ ነጋዴ ሲያጋጥም ብቃቱ በሙሉ ፓኔል ላይ ስለመለካቱ፣ ለስንት ዓመት ዋስትና እንደሚሰጠው፣ ከአየርና ከእርጥበት እንዴት እንደታሸገ እና ምርመራው በምን ዓይነት የአየር ጠባይ እንደተካሄደ በጽሑፍ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል። አሶሳንና ቆላማ ወረዳዎችን በመሰለ ሞቃትና በክረምት እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ የመጨረሻው ጥያቄ ከፍተኛ ክብደት አለው።

ሁለተኛው ምርምርን ይመለከታል። ዘላቂነትን የሚፈትኑት ሙቀት፣ እርጥበትና ኃይለኛ ፀሐይ በክልሉ በተፈጥሮ ይገኛሉ። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ውድ የማትነኛ መሣሪያዎችን ከመግዛት ይልቅ፣ በሌሎች ላቦራቶሪዎች የተዘጋጁ ሽፋኖችና ፓኔሎች በአካባቢው የአየር ጠባይ ለወራትና ለዓመታት ምን እንደሚሆኑ መዝግቦ በመያዝ ሊጀምር ይችላል። የዚህ ዓይነት መረጃ ለሳይንሱም ሆነ ለመንግሥት ግዢ እኩል ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የረዥም ጊዜ ልምድ ጋር ማስተሳሰርም ወጪውን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ከወርቁ ጋር የተያያዘ ነው። ወርቅ ለፉለሪን ጥናት ከመዋሉ በላይ በኤሌክትሮኒክስና በሕክምና መመርመሪያ መሣሪያዎች ውስጥ በስስ ሽፋን መልክ ያገለግላል። የሚፈለገው መጠን በግራም የሚቆጠር በመሆኑ ለክልሉ የወርቅ ሽያጭ ገበያ ይሆናል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። በአንጻሩ ወርቅን የማጣራት፣ ንጽሕናውን የመለካትና ገጹን የማዘጋጀት እውቀት በክልሉ ወጣቶች ዘንድ ቢጎለብት፣ በባህላዊ መንገድ የሚያመርተው ኅብረተሰብ የወርቁን ደረጃ አውቆ ተገቢውን ዋጋ እንዲጠይቅ ያግዛል።

ከፉለሪን ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከጥላሸት የወጣው ሞለኪውል ዋጋ ያገኘው በብዛቱ ሳይሆን በምን ዓይነት ገጽ ላይ፣ በምን ያህል ውፍረትና በምን ጥንቃቄ እንደተነጠፈ በመታወቁ ነው። ወርቅና ፀሐይ ያለው ክልልም ከሁለቱ የሚያገኘው ጥቅም ሀብቱን ከመያዙ በተጨማሪ ለማጣራት፣ ለመለካትና ለመመዘን በሚያበቃው የሰው ኃይል ላይ የተመሠረተ ይሆናል።